ቱቦው ሳይመጣ መንገዱ ይጠረግ

የተቆረጠ ነርቭ፣ የሚሟሟ ቱቦ እና የደቡብ ጎንደር ገበሬ እጅ

በጉና ተራራ ግርጌ ያለ ገበሬ «ጅማቴ ተቆረጠ» ሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል ሊጠራ ይችላል። አንደኛው ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያስረው፣ ሲሳብ ጣትን የሚያጥፈውና የሚዘረጋው ገመድ ነው። ሁለተኛው ከሕብለ ሰረሰር ተነሥቶ እስከ ጣት ጫፍ የሚደርሰው፣ ትእዛዝ የሚያወርደውና ስሜት የሚያደርሰው ነርቭ ነው። ገመዱ ሲበጠስ ጣቱ ወዲያው አልታዘዝ ይላል፤ ማንም ያየዋል። ነርቭ ሲቆረጥ ግን ብዙ ጊዜ ዓይን ውስጥ የሚገባው ቁስሉና ደሙ ብቻ ነው። ቁስሉ ይሰፋል፣ ይደርቃል፣ ሰውየውም «ዳነ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ነገሩ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው፤ እጁ ሲከሳ፣ ጣቶቹ እንደ አሞራ ጥፍር ሲቆለመሙ፣ የጋለ ምጣድ ነክቶ ሳይሰማው ሲቃጠል።

የተቆረጠ ነርቭን ሁለት ጫፎች አገናኝቶ፣ ሥራውን ሲጨርስ በሰውነት ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋ ቱቦ ለሕክምና ከዋለ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዜናው በየማኅበራዊ ሚዲያው በዞረ ቁጥር «ወደ ኢትዮጵያ መቼ ይመጣል?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቦታው ግን ሁለተኛ ነው። ለደብረ ታቦርና ለአካባቢዋ የሚቀድመው ጥያቄ «ቱቦው ቢመጣ እንኳ ሕመምተኛው በጊዜው ይደርስበታል ወይ?» የሚለው ነው።

*በቀን አንድ ሚሊ ሜትር*

እ.ኤ.አ. በ1850 ኦገስተስ ዎለር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የእንቁራሪት ምላስ ነርቮችን ቆርጦ የሚሆነውን በማጉያ መሣሪያ ተከታተለ። ያየው ነገር እስከ ዛሬ የነርቭ ሕክምና መሠረት ነው። ነርቭ ሲቆረጥ ከቁርጡ በታች ያለው ክር ከምንጩ ስለተለየ ይፈርሳል። የሚቀረው ባዶው ሽፋን ነው። በሽፋኑ ውስጥ ያሉ ረዳት ሕዋሳት ፍርስራሹን ጠርገው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከላይ ያለው ጫፍ ደግሞ እንደ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጉቶ አዲስ ቡቃያ ያወጣል። ቡቃያው የድሮውን ሽፋን ካገኘ በውስጡ ወደ ታች ይጓዛል። ካላገኘ እዚያው ተጠቅልሎ ሲነኩት የሚያም እብጠት ይሆናል።

ጉዞው ግን ዘገምተኛ ነው፤ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር፣ በወር ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ። እዚህ ላይ ስሌቱን መሥራት ያስፈልጋል። የእጅ አንጓው ላይ በማጭድ የተቆረጠ ሰው ነርቩ ጣቱ ጫፍ ለመድረስ አሥራ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል መሄድ አለበት፤ ይህ ስድስት ወር ነው። ክንዱ ላይ የተመታ ሰው ነርቩ የመዳፉ ትንንሽ ጡንቻዎች ጋ ለመድረስ ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ይጠብቀዋል፤ ይህ ከአምስት መቶ ቀን ያላነሰ ነው።

ችግሩ ጡንቻው እስከ መጨረሻው አይጠብቅም። ነርቭ የተለየው ጡንቻ ቀስ በቀስ ይከሳል። ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ወር ካለፈ በኋላ ነርቩ ቢደርስ እንኳ የሚቀበለው አያገኝም። ስሜት ከዚህ ዘግይቶም ሊመለስ ይችላል፤ እንቅስቃሴ ግን ቀጠሮ አለው። ስለዚህ ክንዱ ላይ የተቆረጠ ሰው በዚያው ሳምንት ቢሰፋለት እንኳ ለጥቂት ነው የሚደርሰው። ስድስት ወር ዘግይቶ ሪፈር የተጻፈለት ሰው የመዳፉ ጡንቻዎች ቀጠሮ ከመንገድ ላይ እያለ አልፏል። ይህን የጠፋ ጊዜ የሚመልስ ቱቦ አልተሠራም።

*ቱቦው የሚችለውና የማይችለው*

ንጹሕ በሆነ ስለት የተቆረጠ ነርቭ ቶሎ ከተገኘ ሁለቱ ጫፎች ከፀጉር በቀጠነ ክር ቀጥታ ይሰፋሉ። ጊዜ ካለፈ ወይም መሐሉ ከተጎዳ ግን ጫፎቹ ይሸሻሉ፤ ክፍተት ይፈጠራል። በጉልበት ስቦ መስፋት አይሆንም፤ የተወጠረ ነርቭ ደም አያገኝም። ስለዚህ ክፍተቱ ድልድይ ይፈልጋል። የቆየውና እስከ ዛሬ የሚታመነው ድልድይ ከሕመምተኛው ከራሱ እግር፣ ከባት ጀርባ የሚወርድ የስሜት ነርቭ ቆርጦ ማምጣት ነው። ሠርቶ ያድናል። ዋጋው የተረከዝና የእግር ጎን መደንዘዝ፣ አንድ ተጨማሪ ቁስልና የተራዘመ ቀዶ ሕክምና ነው።

ቱቦው የታሰበው ይህን ዋጋ ለማስቀረት ነው። ቀደም ብለው ከተሞከሩት መካከል የሲሊኮን ቱቦዎች ነበሩ። ነርቩ በውስጣቸው ያድጋል፤ ሲሊኮኑ ግን ስለማይሟሟ ውሎ አድሮ ነርቩን ሊያንቅ ይችላል፣ ለማውጣትም ሌላ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ቀጥሎ የመጣው የሚሟሟው ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1999 ሟሚ የስፌት ክር ከሚሠራበት ፖሊግላይኮሊክ አሲድ የተሠራውን ቱቦ ፈቀደ። በ2001 ደግሞ ከኮላጅን የተሠራው ተከተለ። ኮላጅኑ የሚወጣው ከከብት የቁርጭምጭሚት ጅማት ነው። እነሆ ገበሬው በአንድ ቃል ያጣመራቸው ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቱቦ ተገናኙ፤ የበሬ ጅማት የሰውን ነርቭ ያሻግራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለቱ ጫፎች በቱቦው ሁለት አፍ ይገባሉ። በመካከላቸው ፈሳሽ ይሞላል፣ ፈሳሹ ረግቶ ስስ ድልድይ ይሠራል፣ ረዳት ሕዋሳት በድልድዩ ላይ ይጓዛሉ፣ የነርቩ ቡቃያም ይከተላቸዋል። ቱቦው በወራት ውስጥ ይሟሟል። ነገር ግን ክፍተቱ ከሦስት ሴንቲ ሜትር ካለፈ ድልድዩ በመሐል ይበጠሳል። ቱቦው በደንብ የሚያገለግለው በአጭር ክፍተትና እንደ ጣት ባሉ ቀጫጭን የስሜት ነርቮች ላይ ነው። በጥይት የተበጣጠሰ ትልቅ የክንድ ነርቭ ላይ ዛሬም ተመራጩ ከራስ እግር የተወሰደው ነርቭ ነው።

ምርምሩ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2018 የኖርዝዌስተርንና የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተጎዳ ነርቭ ላይ ተጠምጥሞ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ፣ ከዚያም በሁለት ሳምንት ገደማ የሚሟሟ ስስ መሣሪያ አሳዩ። ኤሌክትሪክ ያገኙት አይጦች ነርቭና ጡንቻ ካላገኙት በፍጥነት አገገመ። ተስፋ የሚሰጥ ነው። ከአይጥ እስከ ሰው፣ ከሰውም እስከ ደብረ ታቦር ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው።

*ጊዜው የሚጠፋባቸው ሦስት ቦታዎች*

አንደኛው የአዝመራ ወቅት ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ፣ በፋርጣና በጋይንት ደጋ ገብስና ስንዴ የሚታጨደው በማጭድ ነው። ማጭድ የያዘው አንድ እጅ ሲሆን ሰብሉን የጨበጠው ሌላው ነው፤ የሚቆረጠውም አብዛኛውን ጊዜ ያ የጨበጠው ነው። ቁስሉ ላይ ቡና ተነስንሶ በጨርቅ ይጠፈራል። ጤና ጣቢያ ከተደረሰ ደሙ ይቆማል፣ ቆዳው ይሰፋል። ከቆዳው ሥር ያለውን ነርቭ ማንም ካልጠየቀ ነርቩ አይናገርም።

ሁለተኛው ወጌሻ ነው። ስለ ወጌሻ በንቀት መጻፍ ቀላልም ስሕተትም ነው። በገጠር የወለቀውን መልሶ፣ የተሰበረውን አስሮ የኖረ ባለሙያ ነው፤ ሌሊት ቢጠሩት ይመጣል፣ ዱቤም ይሰጣል። ችግሩ ያለው ቀርከሃው ጠብቆ ሲታሰር ነው። ያበጠ ክንድ በጠበቀ ቀርከሃ ውስጥ ደም ያጣል፤ በሰዓታት ውስጥ ጡንቻውም ነርቩም መሞት ይጀምራሉ። በተለይ በልጆች ላይ በዚህ ምክንያት እጅና እግር እስከ መቆረጥ እንደሚደርስ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። እዚህ ላይ የትኛውም ቱቦ ከንቱ ነው፤ የሚያድነው ማሰሪያውን ማላላት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጥይት ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከ ጋይንትና ጉና ዘልቆ ደብረ ታቦር ራሷ በከባድ መሣሪያ ተመትታለች። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። ጥይት ነርቭን ሁልጊዜ አይበጥስም፤ አንዳንዴ በአጠገቡ ሲያልፍ በንዝረቱ ብቻ ያደነዝዘዋል፣ ነርቩም በራሱ ይመለሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ወዲያው ላይከፍተው ይችላል፤ ለሁለትና ለሦስት ወር ይከታተለዋል። ክትትል ማለት ግን ቀጠሮ፣ ቀጠሮ ማለት መንገድ ነው። መንገድ ሲዘጋ «ጠብቀን እንየው» የተባለው ሰው ጠብቆ ይቀራል፤ የመጨረሻዋ ቀን ስታልፍም የሚነግረው አይኖርም።

*መድፉና መንገዱ*

ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ጋፋት አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን አስቀምጠው ሴባስቶፖልን ያስቀለጡባት ቦታ ናት። የጋፋት ነገር ሲነሣ ሰው የሚያስታውሰው መድፉን ነው። ከመድፉ ያልተናነሰው ሥራ ግን መንገዱ ነበር። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ገደል እየተቆረሰ፣ ቋጥኝ እየተፈነቀለ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እያነሡ የተሠራ መንገድ ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ብረት ከጋፋት ፈቀቅ አይልም ነበር።

የሚሟሟው ቱቦም እንዲሁ ነው። በውጭ ገበያ አንዷ ቱቦ ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ታወጣለች። በእርዳታም በግዢም መጥታ መጋዘን ብትገባ፣ ከእስቴ ወይም ከስማዳ የሚነሣው ቁስለኛ ዓመት ሞልቶት ከደረሰ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

*ቱቦ በሌለበት ያለው*

ሁለተኛው እውነት ደግሞ የሚያጽናና ነው፤ ያለ ቱቦም ብዙ መሥራት ይቻላል። ቶሎ የተገኘ ነርቭ ድልድይ አያስፈልገውም፤ ማጉያ መነጽር፣ ቀጭን ክርና የሠለጠነ እጅ ይበቃዋል። አጭር ክፍተት ካለ ከሕመምተኛው ክንድ የተወሰደ የደም ሥር እንደ ቱቦ ሆኖ ያገለግላል፤ ለጣት ነርቮች በውጭም በተግባር የዋለ ዘዴ ነው። ለረጅሙ ክፍተት የእግር ነርቭ አለ። ለእነዚህ የሚከፈል የውጭ ምንዛሪ የለም። አንዳንዴ ውድ የሆነው ቱቦ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ጊዜው ላለፈበትም ኢትዮጵያ የራሷ ታሪክ አላት። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ዋና ጉዳዩ ሥጋ ደዌ ነበር። ሥጋ ደዌ ሰው እንደሚያስበው ሥጋ የሚበላ በሽታ አይደለም፤ ነርቭን የሚያጠቃ በሽታ ነው። ጣት የሚጠፋው ባክቴሪያው ስለበላው ሳይሆን ስሜት ያጣ እጅ ደጋግሞ ስለሚቆስልና ስለሚቃጠል ነው። ይህን ለዓለም በማሳየት ከሚታወቁት አንዱ በህንድ ቬሎር የሠራው ፖል ብራንድ ነው። እሱና ባልደረቦቹ ነርቡ የሞተበትን ጣት ለማንቀሳቀስ ሌላ ቦታ ያለ ጤነኛ ጅማት አዛውረው ያስሩ ነበር። ይህ ዘዴ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በአለርትም ሲሠራበት ኖሯል። ማጭድ የቆረጠውም ሆነ ጥይት የመታው እጅ ዓመት ካለፈው በዚሁ ዘዴ ሊረዳ ይችላል። በሥጋ ደዌም ቢሆን ትምህርቱ ያው ነው፤ ነርቩ ከደከመ ስድስት ወር ሳይሞላው መድኃኒት ያገኘ ሰው የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው እዚህ ላይ ምክር ብቻ ሳይሆን የሕክምና መመሪያ ነው።

*«ቅንጦት ነው» ለሚሉ*

እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት፣ ወባ በተመለሰበት፣ መድኃኒት በሚጎድልበት አካባቢ ስለ ነርቭ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው፤ መልስም ይገባዋል። ነርቭ የተቆረጠበት ሰው አይሞትም፤ እውነት ነው። ግን ገበሬ በአንድ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይዞ ነው የሚያርሰው። እርፉን መጨበጥ ያቃተው ሰው መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ከምርቱ ግማሹ ይሄዳል። ቀጥሎ በሬው ይሸጣል፤ ከዚያ ትልቁ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ሴቷ ብትሆን የማይሰማት እጅ ይዛ በየቀኑ እሳት ፊት ትቆማለች። ይህ ሁሉ በሞት መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ በቤተሰቡ ላይ ግን ይነበባል። ደግሞም ከዚህ በታች የሚጠየቀው ከሌላው በሽታ በጀት የሚቀማ አይደለም።

«ከውጭ ከመጠበቅ እዚሁ ይሠራ» የሚል ሌላ ሐሳብም አለ። ይህ መናቅ የለበትም። የበገና አውታር የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው፤ ካትገት የተባለው ሟሚ የስፌት ክርም ለዘመናት የተሠራው ከበግና ከከብት አንጀት ነው። የፋርጣ በግ ባለበት፣ ቆዳና ጅማት ቄራ በሚጣልበት አገር ኮላጅን ማውጣት መማር ለዩኒቨርሲቲዎች የሚገባ የምርምር ሥራ ነው። ነገር ግን በሰው ሥጋ ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ንጽሕናውና ደኅንነቱ እስኪረጋገጥ ዓመታት ይወስዳል። ያ ምርምር ይጀመር፤ የዘንድሮ ቁስለኛ ግን እሱን መጠበቅ የለበትም።

*ምን ይደረግ?*

አንደኛ፣ እጁን ወይም ክንዱን የቆሰለ ሰው ሁሉ ቆዳው ከመሰፋቱና ማደንዘዣ ከመወጋቱ በፊት የአንድ ደቂቃ ፈተና ይደረግለት። አውራ ጣቱንና አመልካች ጣቱን አገናኝቶ ክብ ይሥራ። ጣቶቹን ይበታትን። አንጓውንና አውራ ጣቱን ወደ ላይ ያንሣ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ የአመልካች ጣቱ ጫፍ፣ የትንሿ ጣቱ ጫፍ እና በእጁ ጀርባ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ያለው ቆዳ ሲነካ ይሰማው እንደሆነ ይናገር። እግሩን ለቆሰለ ደግሞ «መርገጫህን ወደ ላይ አንሣ» ማለት ነው። መሣሪያ አይጠይቅም፤ ለጤና ጣቢያ ነርስ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሰጥ የሚችል ሥልጠና ነው። ውጤቱ በካርዱ ላይ ከነሰዓቱ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ደም ሲፈስ በጨርቅ አጥብቆ መጫን እንጂ በማያዩት ቦታ መቆንጠጫ መስደድ ይቅር፤ ከደም ሥሩ ጎን ያለው ነርቭ አብሮ ይደቅቃል። በስለት ተቆርጦ ስሜት ወይም እንቅስቃሴ ያጣ ሰው «ይመለስልሃል» ተብሎ አይሸኝ፤ በቀናት ውስጥ ነርቭ መስፋት ወደሚችል ባለሙያ ይድረስ።

ሦስተኛ፣ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር ያሉት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን፣ እንዲሁም ጎንደር ሆስፒታል ተነጋግረው የተቆረጠ ነርቭ የት፣ በማን፣ በስንት ቀን እንደሚሰፋ የታወቀ የስልክ መስመር ይኑራቸው። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰላም ቀን የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ እዚያው መስፋት የሚችል የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። ለዚያ እጅ የሚገዛው ማጉያ መነጽር ከአንዲት ቱቦ ዋጋ ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ ቱቦው ለአንድ ሰው፣ መነጽሩ ለዓመታት መሆኑ ነው።

አራተኛ፣ ወጌሻው ጠላት አይደረግ። ሦስት ነገር ብቻ ይማር፤ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ ከባሰ ማሰሪያውን ፈትቶ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ መላክ። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታውቀዋለች፤ ቤቱም ቅርብ ነው።

አምስተኛ፣ ፎገራ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በመጀመሪያ ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዷ ነበረች። መድኑ ሕክምናውን ሸፍኖ ትራንስፖርቱን ካልሸፈነ ክትትል የሚባለው ነገር ወረቀት ላይ ይቀራል። ለነርቭ ጉዳተኛ የወራት ቀጠሮና የፊዚዮቴራፒ ምልልስ የሕክምናው ግማሽ ነው።

ስድስተኛ፣ ይቆጠር። በደቡብ ጎንደር በዓመት ስንት ሰው ነርቩ ተቆርጦ እንደሚመጣ፣ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚደርስ፣ ስንቱ እንደሚመለስለት አንድ ቀላል መዝገብ ይያዝ። ለደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የሚሆን የመመረቂያ ሥራ ነው። ነገ ቱቦውን ይዞ የሚመጣ ድርጅት መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ቁጥር ነው።

እነዚህ ስድስቱ ሲሠሩ ቱቦው ቢመጣ የሚጠቀምበት ሰው አለ። ባይመጣም በዚህ ዓመት አጨዳ እጁን የሚቆረጠው ወጣት በቀናት ውስጥ ተሰፍቶለት፣ በሚቀጥለው ዓመት አጨዳ ማጭዱን ራሱ ሊጨብጥ ይችላል።